ነጠላውን አይቶ ፊትን የሚያጨልም ካሜራ

ለቅሶ ቤት ስትገቡ፣ ድንኳኑ ውስጥ ወይም ሳሎኑ ግድግዳ ላይ በትልቁ ታትሞ የሚሰቀለውን የሟች ፎቶ ልብ ብላችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ብዙ ጊዜ ከሰርግ ፎቶ ላይ ተቆርጦ የወጣ ፊት ነው፤ ትከሻው ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ እጅ አርፏል። ወይም ከመታወቂያ የተወሰደ ጉርድ ፎቶ ነው፤ ተለጥጦ ተለጥጦ ዐይንና አፉ ደብዝዟል። ወይም ደግሞ በዓል ቀን በስልክ የተነሳ ነው፤ ነጠላው ይታያል፣ ፊቱ ግን የለም። ስልኩ ውስጥ ሁለት ሺህ ፎቶ አለ። ልጆቹ በዚያች ሌሊት ፊቱ የጠራ አንድ ፎቶ ፈልገው ያጣሉ።

ይህን ያነሳሁት ላሳዝናችሁ አይደለም። ልጆቻቸው ከውጭ ካሜራ የላኩላቸው አንባቢዎች "ይሄ ሁሉ ቁጥር ምንድን ነው? ሌንስ ጨምሩ ይሉናል፣ የቱን እንግዛ?" እያሉ ሲጠይቁኝ ስለከረሙ ነው። ከቁጥሩ ብጀምር ግማሻችሁ ገጹን ትገልጡታላችሁ። ስለዚህ ከፊት ልጀምር። እናቶቻችን ነጠላቸውን ለብሰው ሲቀመጡ ካሜራው ለምን ፊታቸውን ያጨልመዋል?

ካሜራ ሰው አያውቅም። የሚያውቀው ብርሃን መለካት ብቻ ነው፤ ሲለካም አንድ ግምት ይዞ ነው የሚነሳው። ከፊቱ ያለው ነገር ሁሉ፣ ፊቱም ልብሱም ግድግዳውም፣ ተደባልቆ ቢታይ መካከለኛ አመድማ ቀለም ይሆናል ብሎ ያስባል። ባለሙያዎቹ ይህን አመድማ ቀለም ከሚያርፍበት ብርሃን 18 ከመቶ ያህሉን የሚመልስ ነው ይሉታል። መንገድ፣ ዛፍ፣ ሕንፃና ሰው ለተቀላቀለበት ፎቶ ግምቱ ደህና ይሠራል። ነጭ የሀገር ልብስ የለበሰች እናት ፎቶውን ስትሞላው ግን ካሜራው "ኧረ ይሄ በጣም በርቷል!" ይልና ብርሃኑን ይቀንሳል። ነጩ ነጠላ ወደ አመድ ይጠጋል። ቀድሞውንም የነጠላውን ያህል ብርሃን የማይመልሰው ጠይም ወይም ጥቁር ፊት ደግሞ አብሮ ይወርድና ይጨልማል። ነጭ ሻሽም ሆነ ነጭ ሂጃብ የሚያመጣው ነገር ያው ነው።

የተገላቢጦሹም አለ። ሐዘን ላይ ያለ፣ ጥቁር የለበሰ ሰው ጥቁር ሶፋ ላይ ተቀምጦ ሲነሳ ካሜራው "ጨልሟል" ብሎ ብርሃን ይጨምራል። ልብሱ ታጥቦ የለቀቀ ይመስላል፤ ፊቱም አመድ የተነፋበት ይሆናል። "እኔ ፎቶ ላይ አላምርም" ብለው ካሜራ ሲያዩ ፊታቸውን የሚያዞሩ እናቶች ብዙ ናቸውና ነገሩ የፊታቸው ሳይሆን የመለኪያው እንደሆነ ንገሯቸው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ካሜራችሁ ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት አንድ ላይ ያለበት ቁልፍ ወይም የሚሽከረከር ነገር ፈልጉ። ነጭ ለለበሰ ሰው ከ+0.7 እስከ +1.3 ድረስ ጨምሩ፤ ጥቁር ለለበሰ ደግሞ ወደ −0.7 ገደማ ቀንሱ። አንዴ አንሱና ስክሪኑ ላይ አጉልታችሁ ፊቱን እዩት፤ ፊቱ ልክ ከሆነ ጨርሳችኋል። ነጠላው በጣም ነጭ ሆኖ የጥለቱ መስመርና የሽመናው ክር ከጠፋ ግን ትንሽ መልሱት። በስልክ የምታነሱም መንገድ አላችሁ፤ በአብዛኛው ስልክ ላይ ስክሪኑ ላይ ያለውን ፊት በጣታችሁ ስትነኩ አጠገቡ ትንሽ የፀሐይ ምልክት ይወጣል፣ እሱን ወደ ላይ ስትገፉት ፊቱ ይበራል። ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ የሚያቆም ሰው ቢኖር እንኳ ዋናውን ይዞ ሄዷል።

በነገራችን ላይ ይህ የፊት ነገር የቆየ ጉዳይ ነው። በፊልም ዘመን ኮዳክ ፎቶ ለሚያጥቡ ቤቶች የሚልከው የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ ለአሥርት ዓመታት የነጭ ሴት ፎቶ ነበር፤ "ሸርሊ ካርድ" ይሉታል። የፎቶው ቀለም የሚስተካከለው በእሷ ፊት ልክ ነበር። የጥቁር ሰው ፊት በዚያ ልክ ሲመዘን ዝርዝሩ መጥፋቱ አይገርምም። በእኛ አገር ግን ከዚያ በፊትም ነጭ ሸማ የለበሰ ጥቁር ፊት አሳምረው የሚያነሱ ነበሩ። የአርመኖቹ የቦያጂያን ቤተሰብ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ድረስ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ደግሞ "ቪንቴጅ አዲስ አበባ" በሚል ርዕስ ከየቤቱ አልበም የተሰበሰቡ የቤተሰብ ፎቶዎች በመጽሐፍ ወጥተዋል። አግኝታችሁ ብታገላብጡት ደስ ይላችኋል፤ ፎቶ ቤት ሄዶ መነሳት ትልቅ ጉዳይ በነበረበት ዘመን ሰው እንዴት እንደሚዘጋጅ ታያላችሁ። የዛሬዎቹ አዳዲስ ካሜራዎች ፊት ለይተው ያውቃሉ፣ ብርሃኑንም በፊቱ ሊለኩ ይሞክራሉ። ነገር ግን መስኮት ከኋላ ሲሆንና ነጩ ሲበዛ አሁንም ይሸነፋሉ።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ እንሂድ። እኔ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጀሪካን መሙላት የማያውቅ የለም። ጀሪካን የሚሞላው በሁለት ነገር ነው፤ ቧንቧው ምን ያህል ተከፍቷል፣ ለምን ያህል ጊዜስ ክፍት ቆይቷል? ቧንቧው አፐርቸር የሚባለው ነው፤ ሌንሱ ውስጥ እንደ ዐይን ብሌን የሚሰፋና የሚጠብ ቀዳዳ። ጊዜው ሸተር የሚባለው ነው፤ ብርሃኑ የሚገባበት የሰከንድ ክፍልፋይ። ሦስተኛው፣ አይኤስኦ የሚባለው፣ የጀሪካኑ መጠን ነው በሉት። 100 ላይ ስታደርጉት ባለ 20 ሊትሩን መሙላት አለባችሁ፤ 200 ላይ ባለ 10 ሊትር ይበቃል፤ 400 ላይ ባለ 5። ትንሹ ጀሪካን ቶሎ ይሞላል፤ ነገር ግን ውሃው ጥቂት ሲሆን ድፍርሱ ጎልቶ ይታያል። ፎቶው ላይ ያ ድፍርስ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል።

ሰውን ግራ የሚያጋባው የአፐርቸሩ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። 1.4፣ 2፣ 2.8፣ 4፣ 5.6፣ 8፣ 11፣ 16 እያለ ይሄዳል፤ በእያንዳንዱ እርምጃ የሚገባው ብርሃን በግማሽ ይቀንሳል። ክፍልፋይ ስለሆነ ነው። የእንጀራ አንድ አራተኛ ከአንድ ስምንተኛው እንደሚበልጥ ሁሉ ኤፍ 4 ከኤፍ 8 ይሰፋል።

ሦስቱም ዋጋ ያስከፍላሉ። ቀዳዳውን ስትከፍቱት ብርሃን ይገባል፣ ከኋላ ያለው የተዝረከረከ ዕቃም ይደበዝዛል፤ ግን ጥርት ብሎ የሚታየው ክፍል ይቀጥናል። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከአንድ ሜትር ተኩል ርቀት በኤፍ 1.8 ብታነሱ ጥርት የሚለው 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ዐይን ጠርቶ ጆሮ ይደበዝዛል። ሸተሩን ስታዘገዩት ደግሞ የሰውም የእጃችሁም እንቅስቃሴ ፎቶው ላይ ይሳባል። አይኤስኦውን ስትጨምሩ ድፍርሱ ይመጣል።

ከሦስቱ አንዱን መሠዋት ካለባችሁ እኔ ሁልጊዜ አይኤስኦውን እሠዋለሁ። ብዙ ሰው "ከ400 በላይ አታድርግ" የሚል ምክር ይዞ ይዞራል፤ ያ የድሮ ካሜራ ምክር ነው። የዛሬው ካሜራ 1600ና 3200 ላይ የሚያወጣው ድፍርስ በእጅ ተይዞ በሚታይ ፎቶ ላይ እምብዛም አያስቸግርም። የተንቀጠቀጠ ፊት ግን በምንም አይታደስም። ለተቀመጠ አዛውንት ቢያንስ የሰከንድ 1/125 ይኑራችሁ፤ ዝም ብለው የተቀመጡ ቢመስላችሁም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ያወራሉ፣ ይስቃሉ። በረንዳ ላይ ለሚሯሯጥ ሕፃን ከ1/500 አትውረዱ። ይህን ሁሉ በየጊዜው ማስላት ለሰለቸው አቋራጭ አለ፤ መምረጫውን ካነን ላይ "ኤቪ"፣ ኒኮንና ሶኒ ላይ "ኤ" በሚለው ላይ አድርጉ፣ አይኤስኦውን አውቶ በሉት፤ ሜኑው ውስጥም ዝቅተኛውን ሸተር 1/125 ላይ አስሩት። ከዚያ በኋላ የእናንተ ሥራ ቀዳዳውን መምረጥና መደመርና መቀነስ ብቻ ነው።

እናቴ ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው። ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም፤ ደረጃው ስለሚከብዳት ከቤት የምትወጣው ከቤተ ክርስቲያን ለመድረስ ብቻ ነው። ስለዚህ ፎቶዋ የሚነሳው ቤት ውስጥ ነው፤ ጉልበት የከዳቸው እናትና አባት ያላችሁ ሁሉ እንደዚሁ ናችሁ። የምናደርገውን ልንገራችሁ።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት አካባቢ ወንበሯን ከበረንዳው በር አንድ ሜትር ያህል አርቀን እናስቀምጣለን። ጀርባዋን ለበሩ አንሰጥም፤ እንግዳ ሁሉ "እዚያ ጋ ቁሙ፣ ብርሃን አለ" እያለ መስኮት ፊት ሰው አቁሞ የሚያነሳው ጥላ ነው። እሷ ወደ በሩ ሰያፍ ዞራ ትቀመጣለች። ስሱ ነጭ መጋረጃ ይሳባል፤ ብርሃኑ በወንፊት የተነፋ ያህል ይለሰልሳል። ከበሩ ወዲህ ባለው ጎኗ፣ ጥላ በሚያርፍበት ጉንጯ በኩል፣ ባዶ ወንበር ላይ ነጭ ጋቢ እንዘረጋለን። ጋቢው የመስኮቱን ብርሃን ተቀብሎ ወደ ጥላው ጉንጭ ይመልሰዋል። ለዚህ ሥራ የሚሸጥ ክብ አንጸባራቂ ጨርቅ አለ፤ ጋቢ ያለው ቤት አያስፈልገውም።

ከዚያ የሳሎኑን አምፖል እናጠፋለን። ይህን ሳደርግ ባለቤቴ ሁልጊዜ "ብርሃን ያንሰዋል" ትላለች፤ ነገር ግን የአምፖል ብርሃንና የመስኮት ብርሃን ቀለማቸው የተለያየ ስለሆነ ፊት ላይ ሲገናኙ አንዱ ጉንጭ ቢጫ፣ ሌላው ሰማያዊ ይሆናል። ማታ በአምፖል ብቻ ለማንሳት የተገደዳችሁ ደግሞ ይህን ያዙ፤ የእኛ አገር መብራት ሞገዱ 50 ኸርዝ ነው፣ ርካሹ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፤ በዐይን አይታይም፣ ፎቶ ላይ ግን ጥቁር ሸንተረር ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ሸተሩን 1/50 ወይም 1/100 ላይ ስታደርጉት ሸንተረሩ ይጠፋል።

በዚያ የጠዋት ብርሃን እኔ የምጠቀመው ኤፍ 2.8፣ የሰከንድ 1/125፣ አይኤስኦ 1600 አካባቢ ነው። ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 2 ብከፍተው ብርሃኑ እጥፍ ስለሚሆን አይኤስኦውን ወደ 800 መመለስ እችላለሁ። ደመናማ ቀን ከሆነ ወደ 3200 ይወጣል። የእናንተ ቤት የተለየ ነው፤ መስኮቱ ወደ ሌላ ሕንፃ የተጠጋ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን ሳይሆን ቁጥሮቹ እርስ በርስ የሚካካሱበትን መንገድ ነው መያዝ ያለባችሁ።

ደረጃ መውረድ ለሚችሉት ግን ደጁ የተሻለ ነው፤ ሰዓቱን ካወቁበት። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ፣ እኩለ ቀን ላይ ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች። ፋሲካ የሚውለው በዚያው ወራት ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ከቤት ወጥቶ የሚነሳ ሰው ግንባሩና አፍንጫው ያበራል፣ ዐይኑ ግን ጉድጓድ ውስጥ ነው። ምርጡ ሰዓት ከጠዋቱ አንድ እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከአሥር ሰዓት ተኩል እስከ ጀምበር መጥለቂያ ነው።

ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ደግሞ ሌላው የሌለው ዕድል አለው። ብሎኮቹ ረጃጅም ስለሆኑ ሰፊ ጥላ ይጥላሉ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል በሁለት ብሎኮች መካከል ሂዱ፤ ሰውየውን በምዕራብ በኩል ባለው ብሎክ ጥላ ውስጥ አቁሙት፣ ፊቱን ፀሐይ ወዳረፈበት ወደ ፊት ለፊቱ ብሎክ ያዙር። ያ ሙሉ ግድግዳ ብርሃኑን ወደ ፊቱ ይመልሳል፤ እንዲህ ያለ ትልቅ መብራት የትኛውም ፎቶ ቤት የለውም። ግድግዳው ደማቅ ቀለም የተቀባ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ፣ ቀለሙ ፊት ላይ ይመጣል። ጥላ ውስጥ ብርሃኑ ከፀሐዩ ከ8 እስከ 16 እጥፍ ስለሚያንስ ከፀሐይ ወደ ጥላ ስትገቡ ቁጥሩ ቢለዋወጥ አትደንግጡ።

ወደ ሌንሱ መጣሁ። ዋጋ አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት ጋዜጣው እስኪወጣ ይለወጣል።

ስለ ሰው ፎቶ የምትጠይቁት ሰው ሁሉ "50 ሚሊ ሜትር ግዛ" ይላችኋል። ሌንሱ ጥሩ ነው፣ ከሌሎቹም ይረክሳል። ምክሩ ግን የመጣው ሰፊ ሳሎን ካላቸው ሰዎች ነው። የድሮው ፊልም 24 በ36 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ከውጭ የሚላክልን መካከለኛ ካሜራ አብዛኛው ሴንሰሩ ከዚያ ያነሰ ነው። ስለዚህ ሌንሱ የሚያየው ይጠብባል፤ ኒኮንና ሶኒ ላይ በ1.5፣ ካነን ላይ በ1.6 እጥፍ። ካነኑ ላይ ያለ 50 እንደ 80 ሆኖ ያያል ማለት ነው። አሁን በሜትር እናስበው። የእኔ ሳሎን ከሶፋው እስከ ቴሌቪዥኑ ሦስት ሜትር ቢሆን ነው። በ50ው ሦስት ሜትር ርቄ ባነሳ ፎቶው ውስጥ የሚገባው ስፋት 1 ሜትር ከ35 ብቻ ነው። ሁለት ሰው ተጠጋግቶ ይገባል፤ ሦስተኛው የልጅ ልጅ ውጭ ቀረ። በ24 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከዚያው ቦታ 2 ሜትር ከ80 ይገባል፤ ሶፋው ሙሉ። ካሜራው ጋር በሚመጣው ዙም፣ 18 ላይ ስታደርጉት፣ 3 ሜትር ከ75 ያህል ይገባል፤ ቤተሰቡ ከነ ረከቦቱ።

ስለዚህ ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ቤተሰብ የእኔ ምርጫ በ24 እና በ35 መካከል ያለ፣ ዙም የሌለው፣ ቀዳዳው ሰፊ የሆነ አንድ ሌንስ ነው። ለካነን ብስኩት የሚያህል ስስ 24 ኤፍ 2.8 አለ፤ ለኒኮን 35 ኤፍ 1.8፣ ለሶኒም እንዲሁ 35 ኤፍ 1.8። ካሜራው ጋር የሚመጣው ባለ 18-55 ዙም 55 ላይ ሲደርስ ቀዳዳው ከኤፍ 5.6 አይሰፋም፤ ኤፍ 1.8 ከዚያ አሥር እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል። አሥር እጥፍ ማለት ደግሞ በመብራት ፍላሽ ፊት አይጨልምም፣ ከእንቅልፉ የሚነቃ ሕፃን በፍላሽ አይደነግጥም ማለት ነው። ይህን ስል ግን ዙሙን ጣሉት እያልኩ አይደለም፤ ለክርስትናና ለልደት፣ ዘመድ በሦስት ረድፍ ሲቆም፣ ዙሙ በኤፍ 8 ይሻላል። ኋለኛው ረድፍም ይጠራል።

አንድ ነገር ብቻ፤ ሰፊ የሚያይ ሌንስ ይዛችሁ ወደ ፊት አትጠጉ። ሃምሳ ሳንቲ ሜትር ላይ ሆናችሁ ብታነሱ አፍንጫ ይገዝፋል፣ ጆሮ ወደ ኋላ ይሸሻል። በስልክ ራሳችንን ስናነሳ የምንጣላውም ከዚሁ ጋር ነው። ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ርቃችሁ አንሱና በኋላ ቁረጡት። ቡና ስታፈላ የምታነሷት ከሆነ ደግሞ እናንተም ዱካ ላይ ተቀመጡ፤ ከላይ ሆኖ የተነሳ ሰው አናቱ እንጂ ዐይኑ አይታይም።

ያገለገለ ሌንስ የምትገዙ፣ ካሜራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። "ካነን ነው" መባሉ አይበቃም፤ ካነን አዲስ መስታወት አልባ ካሜራዎቹ የራሳቸው መግጠሚያ አላቸው፣ የድሮው ሌንስ በአዳፕተር ይገጥምላቸዋል፣ የአዲሱ ሌንስ ግን በድሮው ካሜራ ላይ በምንም አይገጥምም። ከኒኮን ደግሞ ርካሾቹ ካሜራዎች ውስጣቸው የፎከስ ሞተር የላቸውም፤ አሮጌ ሌንስ ስትገጥሙበት ፎቶ ያነሳል፣ ፎከሱን ግን በእጅ ማዞር ነው። ሌንሱን በስልክ ባትሪ ከአንድ በኩል አብሩበትና ከሌላው በኩል እዩ፤ የሸረሪት ድር የሚመስል ነገር ውስጡ ካለ ሻጋታ ነውና ተዉት። ላዩ ላይ ያለች አንዲት ቀጭን ጭረት ግን ፎቶው ላይ እምብዛም አትታይም፤ ዋጋ ለማስቀነስ ተጠቀሙባት። ኮዬ ፈጬ በበጋ አቧራው ለማንም አይራራም፤ ሌንሱን በሸሚዝ ጫፍ አትጥረጉ፣ መጀመሪያ በጎማ መንፊያ አቧራውን አስወግዱ። ሌንስም በረንዳ ላይ አትቀይሩ።

ፎቶው ከተነሳ በኋላ የሚጠፋው ደግሞ መንገድ ላይ ነው። በቴሌግራም ለውጭ ልጆቻችሁ ስትልኩ እንደ ፎቶ ከላካችሁት መተግበሪያው ይጨምቀዋል፤ እዚያ ያሉት ልጆች አሳትመው ሊሰቅሉት ሲሞክሩ ይደበዝዛል። "ፋይል" በሚለው ላኩት፣ እንዳለ ይደርሳል። 24 ሜጋፒክስል ካሜራ ያነሳው ፎቶ ሳይጨመቅ ከተቀመጠ ወርዱ 50 ሳንቲ ሜትር ድረስ ጥርት ብሎ ይታተማል።

ለማሳተም ስትወስዱት ለባለሙያው አስቀድማችሁ የምትነግሩት አለ። ብዙ ፎቶ ቤት ሳይጠየቅ በኮምፒውተር ፊት ያነጣል፣ ሽብሽብ ይለሰልሳል፤ የሰማንያ አራት ዓመት እናት የአርባ ዓመት የማታውቁት ሴት ሆና ትወጣለች። "ፊቷን አታንጡ፣ ሽብሽቧን አትንኩ፣ ቀለሙን እንዳለ አትሙት" በሉ። መጀመሪያ አንድ ትንሽ ቅጂ አሳትማችሁ በቀን ብርሃን እዩት፤ ከስክሪኑ ትንሽ ጨለም ብሎ መውጣቱ የተለመደ ነው። ከጨለመ እዚያው ትንሽ ያብሩት። ከዚያ ትልቁን ሁለት ቅጂ አሳትሙ፤ አንዱ ለግድግዳው፣ አንዱ ለራሷ። የእኛ እናት የራሷን ከሣጥኗ ክዳን በስተ ውስጥ ለጥፋዋለች፤ ጎረቤት ሲመጣ ሣጥኗን የምትከፍትበት ምክንያት በዝቷል።